ዝናብን የሚያውቅ ቁርጥ

በረዶው የወረደው ትናንት ከሰዓት ነበር። ዛሬ ጠዋት ጠል የመስታወት ቤቱን በር ስትከፍት፣ እንደ ወትሮው ሞቅ ያለ ጭጋግ ፊቷን አልዳሰሰውም። ጣሪያው ላይ መስታወቶች ረግፈው ሰማይ ያለ ከልካይ ወደ ውስጥ ይመለከታል። ስብርባሪው የሮዝመሪው መደብ ላይ እንደ ጨው ተበትኗል። አሸዋው ላይ ተሰካክተው ሥር የሚጠብቁት የላቬንደር ቁራጮች ግን እንቅልፍ እንደጣለው ሕፃን ምንም አልሰሙም።

ጠል ስሟ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ቁራጮቹ ላይ በሚረጨው ጭጋግ ውስጥ ውላ ስትወጣ ጸጉሯ ላይ ጠብታ ስለማይጠፋ ሠራተኞቹ ያወጡላት ነው። ችግኝ ጣቢያው የአባቷ ነው። መድኃኒትና ሽቶ የሚሆኑ ተክሎችን ከግንድ ቁራጭ እያራቡ ለመድኃኒት ቤቶችና ለሽቶ ቀማሚዎች ያቀርባሉ። እናቷ ካረፈች ወዲህ መቀሱ የጠል ሆኗል። እጇ ስቶ አያውቅም። "ጠል የመጥረጊያ እንጨት ብትተክል ይጸድቃል" ይባልላታል።

ይህ ሁሉ ዝና ግን አጥሩ ሥር ሲደርስ ይሰበራል። እዚያ፣ ከመንገዱ በሚታየው ቦታ፣ በእጇ የተከለቻቸው እንጨቶች ደርቀው ተሰልፈዋል። ጸደይ መጥቶ ሲሄድ አንዳቸውም ጉንቁል አላሳዩም። ንቀያቸው ስትባል ዝም ትላለች። የሚነቅላቸው ሰው ሲጠጋ ደግሞ ዝም አትልም።

"መስታወት ገጣሚዎቹ ጋ ደውያለሁ" አለ አባቷ ከኋላዋ መጥቶ። "ዛሬውኑ ሰው ይልካሉ።" ከዚያ ከበሩ አጠገብ ባለችው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በእጁ የያዘውን ትኩስ ውሃ ፉት አለ።

እቴቴ ስብርባሪ እየለቀመች ቀና አለች። ከሠራተኞቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው እሷ ናት። ጠልን መቀስ አያያዝ ያስተማረች፣ ለባለቤቱም ቢሆን ምላሷን የማታሳጥር። "ጋሼ፣ ሰሞኑን ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ" አለች። "ሽቶ ጀመሩ እንዴ? ወይስ ያላየናት ሙሽራ አለች?"

"አንቺ ሴትዮ ሥራሽን ሥሪ!" አለ አባቷ። ጆሮው ግን ቀላ። ኩባያውን በመዳፉ ሸፍኖ ተነሣና ወደ አፈር ማደባለቂያው ክፍል ገባ፤ በሩንም ዘጋ።

ጠል አልሳቀችም። "መስታወት ገጣሚዎቹ" የሚለው ቃል ገና ልቧ ውስጥ እየተንከባለለ ነበር።

ባለመስታወቱ የሚሉት ወጣት የመጣው ባለፈው ዓመት፣ አዲሱ ክፍል ሲሠራ ነው። እሱ ጣሪያው ላይ ሆኖ መስታወት ሲገጥም እሷ ከሥር ቁራጭ ትተክል ነበር። መስታወቱ ከውስጥ በጭጋግ ይሸፈናል። አንድ ቀን ከላይ ክብ አድርጎ አቧራውን ሲጠርግ፣ እሷም በዚያው ቦታ ላይ ከሥር ጭጋጉን ጠረገች። በዚያች ክብ ቀዳዳ ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ከዚያ በኋላ የሁለቱም እጅ ሥራውን የሚጨርሰው በዝግታ ሆነ።

እናቱ ከከተማው ዳር፣ በኪራይ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣሳ መድኃኒት ተክል እያበቀለች ገበያ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አንድ ቁጥቋጦ ነበራት። ቅጠሏ ሲታሽ ሎሚ ይሸታል። ፈልታ ስትጠጣ ሰው "እፎይ" ብሎ እንቅልፍ ይወስደዋልና፣ ስሟንም እፎይ ብላታለች። በብርድ ወራት ቅጠሏን አራግፋ ዱላ መስላ ትቆማለች፤ በጸደይ ትነሣለች።

የጠል አባት ነገሩን የሰማ ቀን ሳቀ። ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። "የጣሳ አትክልተኛ ልጅ! ልጄ፣ እኛ መስታወት ሥር ያደግን ነን። እነሱ ዝናብ እንደመታቸው የሚኖሩ ናቸው። ምን አገናኘን?" ባለመስታወቱንም በሩ ላይ ቆሞ መለሰው።

ከዚያ ብርድ ሲገባ እናቱ ሞተች። ግቢውም ለመንገድ ማስፊያ ሊፈርስ ሆነ። ባለመስታወቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዱ በፊት እፎይን ከሥሯ ቆርጦ፣ ቁራጮቹን በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በእቴቴ እጅ ላከ። ደብዳቤ አልነበረውም። እቴቴ በጆሮዋ ሹክ አለቻት፤ "ከመንገዱ የሚታይ ቦታ ትትከላቸው አለ። በጸደይ ሳልፍ ለምልመው ካየሁ፣ አባቷ ቢያባርረኝም ገብቼ እጠይቃለሁ አለ።"

ጠል በዚያው ሰዓት ተከለቻቸው። ጸደይ መጣ። አንድ ጠዋት አውቶቡስ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ በመስኮቱ ውስጥ የምታውቀውን ፊት አየች። አውቶቡሱ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ፊቱ ደረቆቹን እንጨቶች አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ ወደ ፊት ዞረ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የልቧ መስታወት ጭጋጉ አልተጠረገም።

*

ባለመስታወቱ ሲመጣ ከሲታ ሆኖ ነው የመጣው። የሥራ ልብሱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። መስታወቶቹን ከመኪናው እያወረደ ቀና ሲል ተያዩ።

"ጤና ይስጥልኝ" አለ።

"አብሮ ይስጥልን።"

"የተሰበረውን ቢያሳዩኝ።"

በ"እርስዎ" መምጣቱ ደረቷ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ አረፈ። እሷም የያዘችውን "አንተ" ዋጠችው። "ጣሪያው ላይ ነው። መንገዱን ያውቁታል።"

"አውቀዋለሁ።"

ወጣ። እሷም የሮዝመሪ ቅርንጫፍ ይዛ መደቧ ፊት ቆመች። ከአንጓው ሥር በሰያፍ ቀጭ፣ ከጫፉ ቀጥ አድርጋ ቀጭ፣ የታች ቅጠሉን ሸለቅ፣ አሸዋው ውስጥ ሰካ። እጇ ይህን ሲሠራ ዓይኗን አይጠይቅም። ሰያፉን ሲነካ ወደ አፈር መሆኑን ያውቃል። ዓይኗ ስለዚህ ነጻ ነበረ፤ ነጻ ዓይን ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ጥላው መደቡ ላይ ይንቀሳቀሳል። ሲያጎነብስ ጥላው ክንዷን ይነካል፤ ሲነሣ ይተዋታል። እሱ ወደ ታች አያይም። አንዴ ብቻ፣ አዲሱን መስታወት ቦታው ካስቀመጠው በኋላ፣ በጨርቅ ክብ አድርጎ ጠረገው። እንደ ድሮው። ከዚያ ያደረገው ነገር ገብቶት ይሁን፣ ቶሎ ብሎ ሙሉውን ጠረገ።

"እንዴት ያለ ጠራጊ ነው" አለች እቴቴ በአጠገቧ እያለፈች። "መስታወቱ ሊያልቅ ነው።"

"ተይኝ እቴቴ።"

"እኔማ እተውሻለሁ። አንገትሽ ግን ተጣሞ እንዳይቀር።"

የመጨረሻዋ መስታወት ስትቀር ማጣበቂያው ሲሊኮን አለቀበት። ወደ መኪናው ሲሄድ መንገዱ በአጥሩ በኩል ነው። ጠል ቀድማው እዚያ ደርሳ ነበር። ለምን እንደሄደች እሷም አታውቅም። ደረቆቹ እንጨቶች አጠገብ ቆማ አገኛት።

ቆመ። እንጨቶቹን አየ። ሲናገር ድምፁ እንደ ተፋቀ መስታወት ሻከረ። "እስካሁን አልነቀሏቸውም?"

"አልነቀልኳቸውም።"

"ደረቅ እንጨት ምን ያደርጋል?"

"የላከውን ሰው ይጠይቁ።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"አባቴ ሲያያቸው 'ማገዶ ላከልሽ' ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አላመንኩትም። ቀን ሲሄድ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሲያቆጠቁጡ እነዚህ ዝም ሲሉ ግን… ሲልኳቸው ደርቀው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እንደማይመለሱ ቁርጡን ሊያሳውቁኝ ብለው…"

"እኔ?" አንድ እርምጃ ቀረበ። "ጠዋት ቆርጬ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ነው ያመጣኋቸው። ሲቆረጡ ውስጣቸው አረንጓዴ ነበር። ያለቀስኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ እነሱም እያነቡ ነው የጠቀለልኳቸው።"

"እንግዲያው ገደልሻቸው ይበሉኛ! በግልጽ ይበሉኝ!"

"የእርስዎ እጅ ምን ገድሎ ያውቃል?" አለ ባለመስታወቱ። "ካልፈለገ በቀር።"

ይህች ቃል ከአፉ ስትወጣ ራሱንም አስደነገጠችው። ለወራት ተሸክሟት ኖሯል። የአውቶቡሱ መስኮት፣ ወደ ፊት የዞረው ፊት፣ ሁሉም በዚህች ቃል ውስጥ ነበር። ጠል ጎንበስ ብላ ከአንዱ እንጨት ላይ የተጠመጠመ የሱፍ ክር ፈታችና ዘረጋችለት።

ክሩ ሰማያዊ ነበር። ባለመስታወቱ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት አንገቷ ላይ የነበረው ሻርፕ ነው።

"ውርጭ በወረደ ቁጥር አልብሻቸው ነበር" አለች። "እኔ በባዶ አንገቴ፣ እነሱ በሻርፕ። እየተበጣጠሰ አለቀ። እና እጄ አልፈለገም ትለኛለህ?"

"እርስዎ" የሚለው አጥር በዚህ ላይ ወደቀ። ማንኛቸውም አላነሡትም።

ባለመስታወቱ ፊቱን ለማዞር ቦታ አጣ። እንጨቶቹ ፊት ተንበረከከና አንዱን በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው። ሥር የያዘ ቁራጭ ሲሳብ እንቢ ይላል፤ ጣትን ይታገላል። ይኸኛው ያለ ምንም ትግል ወጣ። አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ከዚያ እጁ ቆመ።

"ማን ነው የተከላቸው?"

"እኔ ነኝ አልኩህ። ማንም አልነካቸውም።"

"በሰያፉ በኩል?"

"ታዲያ በየት በኩል ልትከል? ሰያፉ ወደ አፈር፣ ቀጥ ያለው ወደ ላይ። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።"

ባለመስታወቱ ደረቁን እንጨት በመዳፉ ላይ አስተኛውና በጣቱ ሰያፉን ዳሰሰ። "የእናቴ ሰያፍ" አለ በመጨረሻ፣ "ወደ ሰማይ ነው።"

ጠል አልገባትም። ከዚያ ገባት። ሁለቱም እጆቿ ወደ አፏ ሄዱ።

"ግቢያችን ጣሪያ አልነበረውም" አለ። "ዝናብ ሲመጣ በቁርጡ ላይ ያርፋል። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ውሃ ያቁርና ይበሰብሳል። ስለዚህ አናቱን ሰያፍ ትቆርጠዋለች፤ ጠብታው እንዲንሸራተት። እግሩን ቀጥ። እኔም ከእሷ ሌላ አላየሁ፤ እንደ እሷ ቆርጬ ላክሁልሽ። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚቆርጥ ነበር የሚመስለኝ።"

ጠል ተንበርክካ የቀሩትን አንድ በአንድ አየቻቸው። አሁን ዓይኗ ታየው። የረገፈ ቅጠል ጠባሳ ሁልጊዜ ከጉንቁሉ ሥር ነው፤ ከከንፈር ሥር እንዳለ አገጭ። እዚህ ጠባሳው ሁሉ ከላይ ነበር። በዚያን ዕለት እጇ ሰያፉን እንደነካ ወደ አፈር ላከው። ዓይኗማ በእንባና በደስታ ተሞልቶ ምን ሊያይ ይችል ነበር?

"ዘቅዝቄ" አለች። "በአናታቸው ነው የተከልኳቸው! እግራቸውን ሰማይ ላይ ሰቅዬ፣ እግራቸውን ሻርፕ አልብሼ…"

ሳቅ ነው የመጣባት። ሊያቆሙት የማይቻል፣ ትከሻን የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ። ባለመስታወቱም ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ድምፁ ተሰበረ። እሷም ሰማችው፤ የእሷም ተሰበረ።

"ሌላ የለም አይደል?" አለች።

"የለም። ግቢው አስፋልት ሆኗል።" እንጨቱን በቀስታ መሬት ላይ አኖረው። "እናቴ አንዴ ነው የሞተችው ብዬ ነበር።"

"ሁለተኛው በእኔ እጅ ሆነ።"

"እንደዚያ አትበይ። ጥፋቱ ከአውቶቡሱ ያልወረድኩት የእኔ ነው። ወርጄ ብጠይቅሽ ኖሮ…" አንገቱን ደፋ። "ወደ ድሮ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ዛሬም ሌላ ሰው ነበር የሚላከው። እኔ ነኝ ለምኜ የመጣሁት። ለአንድ ጊዜ በቅርብ ላይሽና ተመልሼ ልሂድ፣ ከዚያ በዚህ መንገድ ላላልፍ።"

እጇ አፈር እንደያዘ እጁን ያዘ። ከዚህ በኋላ የሚባለውን ቃል ማን እንደሚጀምረው አላወቁም። ሰማዩ ላይ ደመና እንደ ታጠበ ሱፍ እየተዘረጋ ነበር።

*

"ሰያፉ ወደ ላይ ነው ያልከው?"

ሁለቱም ደንግጠው ተነሡ። አባቷ ከአጥሩ ዳር ካለው ጽድ ሥር ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አይታወቅም።

"አዎ ጋሼ" አለ ባለመስታወቱ። ጎንበስ አለ፤ የጠልን እጅ ግን አልለቀቀም።

"ዝናብ እንዳያቁር?"

"እናቴ እንደዚያ ትል ነበር።"

አባቷ ወደ እንጨቶቹ ቀረበ። ዓይኑ ከእንጨቶቹ ወደ መስታወት ቤቱ ጣሪያ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ተያያዙት እጆች። "እኛ ዝናብ የለብንም" አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ አስቤ አላውቅም።" ዞረ። "ኑ።"

ተከትለውት ገቡ። ከአፈር ማደባለቂያው ክፍል አንድ ማሰሮ ይዞ ወጣና ያልተገጠመችው መስታወት ሥር ባለው መደብ ላይ አስቀመጠው። ማሰሮው ውስጥ አሮጌ ጄራኒየም ነበረች። ለእሷ ድጋፍ እንዲሆን አጠገቧ የተሰካ እንጨት ላይ በሲባጎ ታስራለች። እንጨቱ ግን እንጨት አልነበረም። ከአንጓዎቹ ሁሉ ሦስት ሦስት ሆነው ረዣዥም አረንጓዴ ቅጠሎች ወጥተውበታል።

ማንም ሳይነካው ሎሚ ሸተተ።

ባለመስታወቱ ወደ ማሰሮው ጎንበስ አለ። ከንፈሩ ብቻ "እፎይ" የሚል ቅርጽ ሠራ።

"የተከልሻቸው ሰሞን ነው" አለ አባቷ፣ ጠልን ሳያይ። "ተናድጄ ከጫፍ ያለውን ነቀልኩት፤ አንድ መጉደሉን አላስተዋልሽም። ማገዶ ነው አላልኩም? ለዚችም ድጋፍ አጥቼ ነበር። አንዱ ጫፉ ጭቃ ስለያዘ ንጹሑን ጫፍ በሰንጢ አሹዬ ሰካሁት። ለካ በእግሩ ማቆሜ ነው። በጸደይ ቅጠል አወጣ። አሸሁት። ሸተተኝ።"

"እና አልነገርከኝም? አባባ! በየቀኑ አጥሩ ሥር ሳለቅስ እያየህ?"

"አልነገርኩሽም።" ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። "ከነገርኩሽ ይመጣል። ከመጣ ትሄጃለሽ። እናትሽ ከሄደች ወዲህ ይሄ ቤት ሰው ያለው አንቺ ስላለሽ ነው።" ጢሙን በመዳፉ ጠረገ። "ጠዋትም ማታም አንድ ቅጠል ትኩስ ውሃ ውስጥ እጥላለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስተኛ ግን አንቺን እያሰብኩ ነው፤ ስነቃም እንደዚያው። ሌባ በሰረቀው ነገር ተኝቶ እንዴት ይታደሳል?"

"ሙሽራዋ ይቺ ነቻ ጋሼ" አለች እቴቴ ከመደቡ ማዶ። የሚስቅ ጠፋ፤ እሷም ራሷ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

አባቷ ባለመስታወቱን አየው። በሩ ላይ ሲመልሰው እንኳ እንደዚህ አላየውም ነበር፤ ያን ጊዜ ያየው ጣሳውን ነው። "ሳብ አድርገው እስቲ" አለው።

ባለመስታወቱ እጁን ዘረጋ፤ መሀል ላይ ቆመ። የጠልን ጣቶች ወስዶ ከእሱ ጣቶች ጋር እንጨቱ ግርጌ ላይ አኖራቸው። አብረው ሳቡት። በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ።

እንቢ አለ።

ትግሏ ትንሽ ነበረች። በጣታቸው ብቻ የሚሰማ፣ ከሥር የሆነ ነገር "አይሆንም፣ እዚህ ነኝ" ብሎ መልሶ የያዘ። ጠል በዕድሜዋ ሺህ ቁራጭ ስባ እንቢታ ተምራለች። እንደዚህ ያለ እንቢታ ግን እጇ አያውቅም።

"ይዟል" አለች በሹክሹክታ።

"ይዟል" አለ አባቷ። "እንግዲህ ስማ፣ ልጄ።" ለባለመስታወቱ ነበር። "ልጄ" ሲለው ባለመስታወቱ ቀና አለ። "ሥር የያዘ ነገር ከነአፈሩ ነው የሚዛወረው። አፈሩን አራግፈህ የወሰድከው እንደሆነ ይጠወልጋል። ገባህ?"

"ገብቶኛል ጋሼ።"

"አልገባህም። አፈሩ እኔ ነኝ።"

እቴቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ጠል አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሽማግሌው ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር።

ያኔ ዝናቡ ጀመረ። ባልተገጠመችው መስታወት ቀዳዳ፣ ገና ሳይወፍር፣ አንድ በአንድ ይገባል። "መስታወቱ!" ብሎ አባቷ ብድግ አለ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ አይታወቅም፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ባለመስታወቱም ወደ መሰላሉ አልሄደም።

ጠል ማሰሮዋ ላይ አጎነበሰች። ጠብታ መጣችና ከለመለመው እንጨት አናት ላይ፣ አንዲት የማታውቃት ሴት ለልጇ ባስተማረችው ሰያፍ ቁርጥ ላይ አረፈች። ለቅጽበት ቆመች፤ ብርሃን ያዘች። ከዚያ በዝግታ ተንሸራታ ወረደች፤ ቁርጡም እንደ ነበረ ደረቅ ቀረ።

"አየሽው?" አለ ባለመስታወቱ በጆሮዋ።

"አየሁት" አለች። ጸጉሯ ላይ ዝናብ እየወረደባት ነበር፤ ሳትጠርገው ተወችው።